የብሬል ማተሚያን ከኮምፒዩተር ጋር ማግባባት

በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን የምናቀርብላችሁ ጽሑፍ ስለ ብሬል ማተሚያ ነው። ብሬል ዓይነ ስውራን በጣታቸው እየዳሰሱ የሚያነቡት የነጥብ ጽሕፈት መሆኑ ይታወቃል። የብሬል ማተሚያ ደግሞ ከኮምፒዩተር የሚላክለትን ጽሑፍ ያለ ምንም ቀለም፣ በወፍራም ወረቀት ላይ ነጥብ እያሳበጠ የሚያወጣ ማሽን ነው፤ በባለሙያዎች ዘንድ ኢምቦሰር ይባላል። ከአንባቢዎቻችን አንዳንዶቹ «በካምፓችን እንዲህ ያለ ማሽን መቼ አለና ነው?» ሊሉ ይችላሉ። ሆኖም «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው ሁሉ፣ ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ዕውቀቱ ቢቀድም ይሻላል። ይህን የምንለው ከራሳችን ስሕተት ተነሥተን ነው።

በአል-ጣኢፍ የሆነው

ይህን ገጽ ከምናዘጋጀው መካከል አንዳንዶቻችን ከጦርነቱ በፊት የምንኖረው በካርቱም ከተማ፣ በአል-ጣኢፍ ሰፈር ነበር። ቀን ቀን ያገኘነውን ሥራ እየሠራን፣ ማታ ማታ የወገኖቻችንን ልጆች በአንዲት የኪራይ ክፍል ሰብስበን እናስጠና ነበር። ከተማሪዎቹ አንዷ የ12 ዓመት ዓይነ ስውር ልጅ ነበረች። በአገር ቤት እስከ 3ኛ ክፍል በብሬል ተምራለች፤ ስትሰደድ ይዛ የመጣችውም ስሌትና ስታይለሷን ነበር። ስሌት ወረቀት ቆንጥጦ የሚይዝ ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ ሲሆን፣ ስታይለስ ደግሞ ነጥቡ የሚወጋበት ወስፌ መሰል መሣሪያ ነው። ታላቅ እኅቷ ከመጽሐፉ ታነብላታለች፣ እሷ ነጥብ በነጥብ እየወጋች ትጽፋለች። አንድ ገጽ መጽሐፍ እንዲህ ተገልብጦ እስኪያልቅ ምሽቱ ያልቅ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ያገለገለ የብሬል ማተሚያ ለአንድ የማስተማሪያ ቦታ በስጦታ ተገኘና «እናንተ ኮምፒዩተር ትነካላችሁ» ተብለን ተጠራን። ሽቦውን አገናኘን፣ የአማርኛ ምንባብ ላክን፣ ማሽኑም እየተንኳኳ ነጥብ አወጣ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ልጅቷን አስጠርተን ወረቀቱን ሰጠናት። ጣቷን በመስመሩ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አመላለሰችና ሳቅ ብላ «በየቃሉ መካከል ቁጥር አለበት» አለችን። እኛ ግን ነጥቡን ከማየት በቀር ምን እንደሚል አናውቅም ነበር። እንደገና ላክን፣ ያው ሆነ። በመጨረሻም «ማሽኑ አርጅቷል» ብለን ደመደምንና ጨርቅ አልብሰን ጥግ አስቀመጥነው።

ማሽኑ በዚያ ሁኔታ 7 ወር ተቀመጠ። በ7ኛው ወር ነገሩን የሚያውቅ አንድ ሰው በአጋጣሚ መጥቶ አንድ ማስተካከያ ብቻ ለወጠና ያንኑ ዕለት ጥርት ያለ አማርኛ አሳተመ። ማሽኑ ደኅና ነበር። ከሁሉ የሚያሳፍረን ደግሞ ልጅቷ ገና በመጀመሪያው ቀን ስሕተቱን በትክክል ነግራን የነበረ መሆኑ ነው፤ ያልሰማናት እኛ ነን። ለእኛ ያ ጊዜ ማሽን በጨርቅ የተሸፈነበት 7 ወር ነበር፤ ለእሷ ግን መጽሐፍ ያጣችበት 7 ወር ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ በካርቱም ሲፈነዳ ሁላችንም ተበታተንን። ማሽኑም እዚያው ቀረ። ከዚያ ይዘን የወጣነው ትምህርቱን ነው፤ እሱንም እነሆ ለእናንተ እናካፍላለን። ለመሆኑ በየቃሉ መካከል የገባው ቁጥር ከየት መጣ? መልሱን ለማግኘት ከብሬል አሠራር መጀመር ያስፈልጋል።

ብሬል እንዴት ተገኘ?

ቫለንቲን አዊ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1785 በፓሪስ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ መጻሕፍቱ የሚዘጋጁት ተራውን የላቲን ፊደል በወረቀት ላይ በማሳበጥ ነበር። ይህ ዓይቶ ለሚያነብ ሰው ግልጽ ነው፤ ለጣት ግን አስቸጋሪ፣ በራስ እጅ ለመጻፍም የማይመች ነበር። ቀጥሎም ሻርል ባርቢዬ የተባለ የጦር መኮንን በጨለማ የሚነበብ ባለ 12 ነጥብ ጽሕፈት አዘጋጀ። ይህም ቢሆን አንዱ ምልክት ከጣት ጫፍ ይበልጥ ስለነበረ በአንድ ዳሰሳ አይነበብም።

ችግሩን የፈታው ራሱ ዓይነ ስውር የነበረ ተማሪ ነው። ሉዊ ብሬል እ.ኤ.አ. በ1809 ተወለደ፤ የ3 ዓመት ሕፃን ሳለ በአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት ውስጥ ዓይኑን በወስፌ ተወግቶ በዚያው ሰበብ የሁለቱንም ዓይኖቹን ብርሃን አጣ። በ1819 ወደ ፓሪሱ ትምህርት ቤት ገባ፤ በ15 ዓመት ዕድሜው ባለ 6 ነጥቡን ጽሕፈት ፈጠረ፤ በ1829ም አሳተመው። የሚያዩት ሰዎች ያዘጋጁት ጽሕፈት ያልሠራውና የእሱ የሠራው፣ እሱ በገዛ ጣቱ ስለመዘነው ነው። ይህን ነጥብ በልባችሁ ያዙት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በአገራችን በሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት፣ በሻሸመኔና በሌሎችም ሥፍራዎች የተከፈቱ ትምህርት ቤቶች ብሬልን ለብዙ ትውልድ አስተምረዋል። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1960 ተመሥርቷል። በወሎ፣ በአማራ ሳይንት የተወለዱት የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ የዓይናቸውን ብርሃን ያጡት በ5 ዓመታቸው ነበር። በሻሸመኔ በካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምረው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2017ም ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ኮምፒዩተርን በሚመለከት ደግሞ፣ ራሳቸው ዓይነ ስውር የሆኑት ታምሩ በላይ በአዲስ አበባ የመሠረቱት የአዳፕቲቭ ቴክኖሎጂ ማዕከል ዓይነ ስውራን በኮምፒዩተር እንዲጠቀሙ በማሠልጠን ፈር ቀዷል። እንግዲህ አንድ ልጅ በእጁ የሚነበብ መጽሐፍ ማግኘቱና አለማግኘቱ ምን ያህል ልዩነት እንደሚያመጣ ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

አማርኛ በስድስት ነጥብ

አንድ የብሬል ምልክት የሚጻፍባት ቦታ ሴል ትባላለች። በአንድ ሴል ውስጥ 6 ነጥቦች በሁለት ዓምድ ይቆማሉ። በግራ በኩል ከላይ ወደ ታች 1፣ 2፣ 3፤ በቀኝ በኩል ከላይ ወደ ታች 4፣ 5፣ 6 ተብለው ይቆጠራሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹን በማሳበጥ፣ አንዳንዶቹን በመተው 63 ልዩ ልዩ ምልክቶች ይገኛሉ፤ ባዶዋ ሴል ስትጨመር 64 ይሆናሉ።

የአማርኛ ፊደላት ቁጥር ግን ከ200 በላይ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ሴል መስጠት አይቻልም። ስለዚህ የአማርኛ ብሬል ፊደሉን በሁለት ይከፍለዋል፤ በመጀመሪያ ተነባቢው፣ ቀጥሎ አናባቢው ይጻፋል። ሳድሱ ግን አናባቢ ሳይጨመርበት ብቻውን ይቆማል። የ«ለ»ን ዘር እንውሰድ። «ል» ነጥብ 1-2-3 ናት። ሌሎቹን ለመጻፍ ከእሷ ቀጥሎ፣ ለግዕዙ «ለ» ነጥብ 2-6፣ ለካዕቡ «ሉ» ነጥብ 1-3-6፣ ለሣልሱ «ሊ» ነጥብ 2-4፣ ለራብዑ «ላ» ነጥብ 1፣ ለኃምሱ «ሌ» ነጥብ 1-5፣ ለሳብዑ «ሎ» ነጥብ 1-3-5 ይደረጋል።

በዚህ መሠረት «ሰላም» የሚለው ቃል በቀለም ሲጻፍ 3 ፊደል ነው። በብሬል ግን «ስ» (2-3-4)፣ የግዕዝ ምልክት (2-6)፣ «ል» (1-2-3)፣ የራብዕ ምልክት (1)፣ «ም» (1-3-4)፣ በድምሩ 5 ሴል ይሆናል። ይህን ሥራ በኮምፒዩተር ውስጥ የሚሠራው የብሬል መተርጎሚያ ፕሮግራም ይባላል። የሚተረጉመው ቋንቋን ወደ ሌላ ቋንቋ ሳይሆን ፊደልን ወደ ነጥብ ነው።

ፕሮግራሙ ለማሽኑ የሚልከው ግን ነጥቡን ራሱን አይደለም። በኮምፒዩተር ዓለም ለ64ቱ የብሬል ምልክቶች ለእያንዳንዳቸው ከኮምፒዩተር መጻፊያ ገበታ አንዳንድ ምልክት ተሰጥቷቸዋል፤ ይህም የብሬል አስኪ ይባላል። በዚህ አሠራር ነጥብ 2-3-4 «ኤስ» በተባለው የላቲን ፊደል፣ ነጥብ 1-2-3 በ«ኤል»፣ ነጥብ 1 በ«ኤ»፣ ነጥብ 1-3-4 በ«ኤም» ይወከላሉ። የግዕዙ ምልክት ነጥብ 2-6 ግን የተወከለው በፊደል ሳይሆን በአኃዝ፣ በ5 ቁጥር ነው። እንግዲህ «ሰላም» ተተርጉሞ ሲቀመጥ በስክሪኑ ላይ የሚታየው «ኤስ፣ 5፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም» የሚል ጽሑፍ ነው። ይህን ስታዩ ፋይሉ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ለማሽኑ የተዘጋጀ ቋንቋ ነው።

የልጅቷ እንቆቅልሽም የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። ብዙ የብሬል ማተሚያዎች በውስጣቸው የራሳቸው መተርጎሚያ አላቸው። የእኛ ማሽን የእንግሊዝኛ መተርጎሚያው እንደ በራ ነበር። ኮምፒዩተሩ ተርጉሞ የላከውን ማሽኑ ገና ያልተተረጎመ መስሎት እንደገና ተረጎመው። 5ን ሲያገኝ «ይህ ቁጥር ነው» ብሎ ከፊቱ የቁጥር ምልክት (ነጥብ 3-4-5-6) ጨመረበት። የግዕዝ ድምፅ ደግሞ በአማርኛ የማይገባበት ቃል ጥቂት ነው። ስለዚህ በየቃሉ ማለት ይቻላል ቁጥር ገባ። መድኃኒቱ የማሽኑን የውስጥ መተርጎሚያ ማጥፋት ብቻ ነበር።

ሦስቱ ስምምነቶች

ኮምፒዩተርና የብሬል ማተሚያ እንዲግባቡ በሦስት ነገሮች መስማማት አለባቸው። እነሱም ቋንቋ፣ ገጽና የነጥብ ሰንጠረዥ ናቸው።

አንደኛ፦ ቋንቋ። መተርጎሚያው ፕሮግራም የአማርኛን ብሬል ሕግ የያዘ የቋንቋ ሰንጠረዥ ሊኖረው ይገባል። በሰፊው ከሚታወቁት ፕሮግራሞች ዱክስበሪ በገንዘብ የሚገዛ ሲሆን አማርኛን ከሚያስተናግዳቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል። ሊብሉዊ የተባለው ደግሞ በነፃ የሚገኝ የመተርጎሚያ ሥርዓት ሲሆን ለኢትዮጵያ ፊደል የተዘጋጀ ሰንጠረዥ አለው፤ ልዩ ልዩ ፕሮግራሞችም በእሱ ላይ ተመሥርተው ተሠርተዋል። የምትጠቀሙበት ፕሮግራም የትኛውም ቢሆን ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የቋንቋውን ዝርዝር ከፍታችሁ አማርኛን ወይም የኢትዮጵያን ፊደል ምረጡ። ዝም ብላችሁ ካለፋችሁት ፕሮግራሙ አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ላይ እንዳለ ይቆያል።

ከዚሁ ጋር ጽሑፉ ራሱ በዩኒኮድ የተጻፈ መሆን አለበት። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ኮድ የሰጠ አሠራር ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ፊደል በዚህ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የተጻፈ ጽሑፍ በስክሪን ላይ አማርኛ ይምሰል እንጂ በውስጡ የተቀመጠው የላቲን ፊደል ኮድ ነው። ፕሮግራሙ የሚያነበው መልኩን ሳይሆን ኮዱን ስለሆነ ትርጉም የሌለው ነገር ያወጣል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ጽሑፉን ምረጡና የፊደሉን ዓይነት ወደ ተራ የእንግሊዝኛ ፊደል ለውጡ። አማርኛው ወደ ላቲን ፊደላት ዝብርቅ ከተለወጠ ጽሑፉ የቀድሞው ዓይነት ነውና በቅድሚያ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ወይም እንደገና መተየብ አለበት። የመጽሐፍ ገጽ ፎቶግራፍም እንዲሁ ነው፤ ለፕሮግራሙ ሥዕል እንጂ ጽሑፍ አይደለም።

ሁለተኛ፦ ገጽ። ፕሮግራሙ መስመሩን የሚቆርጠው በአንድ መስመር ስንት ሴል፣ በአንድ ገጽ ስንት መስመር እንዳለ በተነገረው መሠረት ነው። ማሽኑም የራሱ ልክ አለው። የሁለቱ ቁጥር አንድ መሆን ይኖርበታል። ልኩን በእጅ ማስላት ይቻላል። ከአንዷ ሴል ወደ ሌላዋ ያለው ርቀት 6 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ያለው 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ኤ4 ወረቀት ስፋቱ 210 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለ6 ሲካፈል 35 ሴል ይመጣል፤ ለጥራዝና ለጠርዝ ሲቀነስለት 30 ያህል ይቀራል። ርዝመቱ 297 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከጠርዙ በኋላ 27 መስመር ያህል ይይዛል። በሁለቱ ጠርዝ ቀዳዳ ያለውና እየተሳበ የሚገባው ተከታታይ የብሬል ወረቀት ግን ሰፋ ስለሚል ብዙውን ጊዜ 40 ሴልና 25 መስመር ይሰጠዋል።

እነዚህ ቁጥሮች ካልተስማሙ ምን ይሆናል? ፕሮግራሙ 40 ሴል፣ ማሽኑ 34 ሴል ነው እንበል። ማሽኑ 34ቱን አትሞ ቀሪዎቹን 6 ሴሎች ወደሚቀጥለው መስመር ይጥላቸዋል። ቃሉ ያለ ቦታው ይቆረጣል፤ የገጹ መስመርም በእጥፍ ሊበዛ ስለሚችል አንዱ ገጽ ሁለት ይሆናል፣ የገጽ ቁጥሩም በገጹ መካከል ይወድቃል። በወረቀቱ ሁለት ፊት የሚያትም ማሽን ከሆነም «በአንድ ፊት» ወይም «በሁለት ፊት» የሚለው ምርጫ በሁለቱም ወገን አንድ ይሁን።

የወረቀቱን መጠን አስቀድሞ መገመትም ይገባል። በቀለም የታተመ አንድ ገጽ 1,500 ፊደል አለው ብንልና እያንዳንዱን በ2 ሴል ብንቆጥር 3,000 ሴል ይሆናል። 40 በ25 የሆነ ገጽ 1,000 ሴል ስለሚይዝ 3 ገጽ ይፈጃል። ሳድሱ በአንድ ሴል ስለሚጻፍ እውነተኛው ልክ ከዚህ ያንሳል፤ ነገር ግን ወረቀት ስትጠይቁ አብዝታችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛ፦ የነጥብ ሰንጠረዥ። ማሽኑ «5» ሲላክለት የትኞቹን ነጥቦች መምታት እንዳለበት የሚያውቀው በውስጡ ካለው የነጥብ ሰንጠረዥ ነው። ይህ ሰንጠረዥ ከአገር አገር ይለያያል። የላቲን ፊደላቱ ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ሲሆኑ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ግን ይለያሉ። ለምሳሌ 5 ቁጥር በአሜሪካው አሠራር ነጥብ 2-6 ሲሆን በአንዳንድ የአውሮፓ ሰንጠረዦች ነጥብ 1-5-6 ነው። እንግዲህ ከአውሮፓ የመጣ ማሽን በአገሩ ሰንጠረዥ እንደተቀመጠ ቢሠራ «ላ»ና «ሎ» በደኅና ይታተማሉ፣ «ለ» ግን ይበላሻል። ስለዚህ በማሽኑ ማስተካከያ ውስጥ የአሜሪካውን ባለ 6 ነጥብ ሰንጠረዥ ምረጡ፤ ፕሮግራሙም ጽሑፉን በዚያው ኮድ እንዲልክ አድርጉ።

ማገናኘትና መሞከር

ከላይ ያሉት ሦስቱ ከታወቁ በኋላ ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ይከናወናል።

1ኛ. ማሽኑን ከኮምፒዩተሩ ጋር በሽቦ አገናኙ። የቆዩ ማሽኖች በፓራለል ወይም በሲሪያል፣ አዲሶቹ በዩኤስቢ ይገናኛሉ።

2ኛ. ኮምፒዩተሩ ማሽኑን እንደ ቀለም ማተሚያ ሥዕል እንዳይልክለት ተጠንቀቁ። የማሽኑ የራሱ ማሠሪያ ፕሮግራም ከሌለ በዊንዶውስ ውስጥ «ጄኔሪክ ቴክስት ኦንሊ» የሚለውን ማተሚያ ምረጡ። ይህም የላካችሁትን ፊደል ሳይነካካ በቀጥታ ያሳልፋል።

3ኛ. በመተርጎሚያው ፕሮግራም ውስጥ የማሽኑን ሞዴል ከዝርዝሩ ፈልጋችሁ ምረጡ፤ የሴሉንና የመስመሩንም ቁጥር ሙሉ።

4ኛ. በማሽኑ በኩል የውስጥ መተርጎሚያው መጥፋቱን፣ የነጥብ ሰንጠረዡንና የገጹን ልክ አረጋግጡ። ማሽኑ ያለበትን ማስተካከያ ራሱ አትሞ የሚያወጣ ከሆነ አሳትማችሁ ያዙት።

5ኛ. የሙከራ ገጽ ላኩ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ሳይሞክሩ መጽሐፍ መላክ ወረቀት መጨረስ ነው።

የሙከራው ገጽ ሁለት መስመር ይበቃዋል። የመጀመሪያው ያለ ትርጉም በቀጥታ የሚላክ 40 የእኩል ምልክት ነው። የእኩል ምልክት በብሬል አስኪ 6ቱም ነጥቦች ያበጡባት ሴል ናት። መስመሩ ሳይሰበር 40 ሙሉ ሴል ከወጣ የገጹ ልክ ተስማምቷል፤ በ34 ላይ ከተሰበረ ማሽኑ በ34 ተቀምጧል ማለት ነው። ከሴሎቹ በአንዱ ነጥብ ከጎደለ ደግሞ የማሽኑ መምቻ ችግር አለበት። ሁለተኛው መስመር ተተርጉሞ የሚላከው «ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ» ነው። «ል» አንድ ሴል፣ የቀሩት ሁለት ሁለት ሴል፣ ከ6ቱ ክፍተቶች ጋር 19 ሴል መሆን አለበት።

ምልክቱና መንስኤው

ማሽኑ ስሕተት ሲያወጣ «ተበላሽቷል» ከማለት በፊት አንባቢው ምን እንዳገኘ ጠይቁ።

በየቃሉ መካከል የቁጥር ምልክት ካለ፣ ጽሑፉ ሁለት ጊዜ ተተርጉሟል፤ የማሽኑን የውስጥ መተርጎሚያ አጥፉ። በየፊደሉ ፊት ነጥብ 6 ብቻዋን ከቆመችም መንስኤው ያው ነው፤ ማሽኑ የላካችሁትን እንደ እንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደል ቆጥሮታል።

የግዕዙ ድምፅ ብቻ ተበላሽቶ ሌላው ደኅና ከሆነ፣ የነጥብ ሰንጠረዡ የሌላ አገር ነው።

በእያንዳንዱ ፊደል ምትክ ረጅም የኮድ ቁጥር ከወጣ፣ የቋንቋው ሰንጠረዥ አማርኛ አይደለም።

ነጥቡ ጥርት ያለ ሆኖ ንባቡ ፈጽሞ ትርጉም ከሌለው፣ ጽሑፉ በዩኒኮድ የተጻፈ መሆኑን መርምሩ።

ረጅም መስመርና አጭር መስመር እየተፈራረቁ ከመጡ፣ የሴሉ ቁጥር አልተስማማም።

ነጥቡ ቀጥኖ ለጣት ካልተሰማ ወረቀቱ ሳስቷል፣ እርጥበት ይዟል ወይም የመምቻው ኃይል አንሷል። ወረቀቱ ከተበሳ ግን ኃይሉ በዝቷልና ቀንሱት።

ስለ አያያዙም ጥቂት እንበል። የብሬል ማተሚያ ድምፁ ከፍተኛ ስለሆነ ከመማሪያ ክፍል አጠገብ አይቀመጥ። ኤሌክትሪክ በሚዋዥቅበት ቦታ የኃይል ማረጋጊያ ያስፈልገዋል፤ ጄኔሬተር ሊጠፋ ሲል ረጅም ሥራ አትጀምሩ። ከአቧራ ለመጠበቅ ሥራ በማይሠራበት ጊዜ ይሸፈን። በክረምት ወረቀቱን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በላስቲክ ጠቅልሉ። የታተመውን ጥራዝ እንደ መጻሕፍት አቁሙት እንጂ ከባድ ነገር አትጫኑበት፤ ነጥቡ ይደፈጠጣል። ከሁሉም በላይ የሠራውን ማስተካከያ በወረቀት ጽፋችሁ ማሽኑ ላይ ለጥፉት። በካምፕ ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል፤ የሚያውቀው ሰው ሲሄድ ዕውቀቱ አብሮ እንዳይሄድ።

ጣት ይመስክር

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ሁሉ አንዲት ነገር ብቻ ብትይዙ የምንመርጠው ይህን ነው። የብሬል ማተሚያ ስሕተቱን ለዓይን አይናገርም። ትክክለኛው ገጽና የተበላሸው ገጽ ለሚያይ ሰው አንድ ዓይነት ነጥብ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ወረቀት ከማሽኑ ሲወጣ ብሬል የሚያነብ ሰው፣ ሕፃን ልጅም ቢሆን፣ አጠገባችሁ ይኑር። ያለውንም ቃል በቃል ጻፉት። የዛሬ 200 ዓመት ገደማ ዐዋቂዎች ያልፈቱትን ችግር አንድ የ15 ዓመት ልጅ በጣቱ እንደፈታው ሁሉ፣ በአል-ጣኢፍም መልሱ ከልጅቷ ጣት ላይ ነበር። ከዚያ ሰፈር ሲወጡ ስሌቷንና በዚያ ማሽን የታተመላትን አንድ ጥራዝ ይዛ እንደ ወጣች በኋላ ሰምተናል። 7ቱን ወር ብንሰማት ኖሮ የምትይዘው ጥራዝ ከአንድ በላይ በሆነ ነበር።

በየብሎኩ ብሬል የሚያውቁ ወይም መማር የሚፈልጉ ዓይነ ስውራን ካሉ ለየትምህርት ቤቶቻችሁ መምህራን አስታውቁ። ማሽን ኖረም አልኖረም ሥራው ከስሌትና ከስታይለስ ይጀምራል።

መልመጃ

ሀ. «ለምለም» በብሬል ስንት ሴል ነው?
ለ. «ቤት»ስ?
ሐ. 30 ሴልና 27 መስመር ያለው ገጽ በጠቅላላው ስንት ሴል ይይዛል?
መ. አንዲት ተማሪ «ሎሚ የሚለው ደኅና ነው፣ ለምለም የሚለው ግን ተበላሽቷል» ብትላችሁ በመጀመሪያ የምትመረምሩት ምንድን ነው?

መልስ፦ ሀ. 6 ሴል። ለ. 3 ሴል። ሐ. 810 ሴል። መ. የማሽኑን የነጥብ ሰንጠረዥ፤ የተበላሸው የግዕዙ ድምፅ ብቻ ነውና። ከመካከሉ የቁጥር ምልክት አለ ካለች ግን ጽሑፉ ሁለት ጊዜ ተተርጉሟል።